ጃክ ረሰል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ደረቱን ለኩት

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ «ንጹህ ጃክ ረሰል» (ሙሉ ስሙ ጃክ ረሰል ቴሪየር፣ ትንሽ የአደን ውሻ ዘር ነው) ተብሎ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ቡችላ ገዛ። ነጭ ነው፣ አንድ ጆሮው ቡናማ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። ካርቶን ውስጥ ሆኖ በሚኒባስ ባሕር ዳር ገባ። በስምንተኛው ወሩ የጓደኛዬን ጉልበት አለፈ። አሁን ሽምብጥ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውለው ያ «ጃክ ረሰል» ጥጃ ነው የሚያክለው፤ ሻጩም ስልክ አያነሳም።

ሰው የሚሸወደው በቀለም ነው። በሁለት ወሩ ነጭና ቡናማ የሆነ ቡችላ ሁሉ ጃክ ረሰል ይመስላል። እናንተ ቀለሙን ተዉትና እናቱን አሳዩኝ በሉ። አላሳይም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ካሳያችሁ፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን በሁለት እጃችሁ ክበቡት፤ አውራ ጣቶቻችሁ ጀርባዋ ላይ ሆነው የቀሩት ጣቶች ከደረቷ ሥር መገናኘት አለባቸው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ ከ40 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ከዚያ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሟትና ከመሬት እስከ ትከሻዋ ጫፍ ለኩ፤ ከ25 እስከ 30 ነው መሆን ያለበት። ክብደቷን ለማወቅ ቁመቷን ለ5 ማካፈል ይበቃል፦ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነች 5 ኪሎ፣ 30 ከሆነች 6 ኪሎ ገደማ። ቁመቷ ከ33 እስከ 36 ከሆነ ምናልባት ፓርሰን ረሰል የሚባለው እግረ ረጅሙ ዘመዷ ናት። እሱም ጥሩ ውሻ ነው፣ ግን የጠየቃችሁት እሱን አይደለም።

ቁመቷና ደረቷ ልክ ከሆነ ወደ ጭንቅላት ሂዱ። የጃክ ረሰል ጆሮ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ ወይም ጎን ለጎን የተንጠለጠለ ነው፤ እንደ ጅብ ጆሮ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጠርጥሩ። ዓይኑ ትንሽ፣ ጥቁር፣ የለውዝ ቅርጽ ያለው። ሰውነቱ ከቁመቱ ትንሽ ይረዝማል። ፀጉሩ ሦስት ዓይነት ነው፦ አጭርና ልሙጥ፣ ሻካራ፣ እና የሁለቱ መሃል፣ አገጩ ላይ ጢም ቢጤ የሚያወጣ። ነጩ መብለጥ አለበት፤ ጥቁሩ ወይም ቡናማው ነጥብ ነው እንጂ ካፖርት አይደለም።

አንድ ነገር ሳታዩ ግን ብር እንዳትቆጥሩ። ቡችላው ሌላ ቦታ እያየ ከኋላው አጨብጭቡ። ነጭ በሚበዛባቸው ውሾች መስማት አለመቻል ያጋጥማል፣ ጃክ ረሰልም አንዱ ነው። ከወንድም እህቶቹ ጋር ሆኖ ከሞከራችሁት ሌሎቹ ሲዞሩ አብሮ ይዞርና ያታልላችኋል፣ ስለዚህ ለብቻው አድርጉት። ሲሮጥም እዩት፤ አንዱን የኋላ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ሁለት ሦስት እርምጃ በሦስት እግሩ የሚዘል ከሆነ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው እየወጣ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ደረቱን ለምን ይሄን ያህል አካበድኩት? ይሄ ውሻ የተፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ስለሆነ ነው። «ቴሪየር» የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ላቲን ሲሆን መሬት ማለት ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ እንግሊዝ አገር ጆን ረሰል የሚባል፣ ጃክ እያሉ የሚጠሩት፣ ቀበሮ አደን ነፍሱ የሆነ ቄስ ነበር። የኦክስፎርድ ተማሪ እያለ እንደ ፈረንጆች በ1819 ከአንድ ወተት አዳይ ነጭ ሴት ውሻ ገዛ ይባላል፤ ስሟ ትራምፕ ነበር (አዎ፣ እሱን አስባችሁ ከሆነ ዝምድና የላቸውም)። የዘሩ ታሪክ ከእሷ ነው የሚጀመረው። ሥራቸው ቀበሮ መግደል አልነበረም። ቀበሮው ጉድጓድ ሲገባ ተከትለው ይገቡና እየጮኹ ያስወጡታል፣ ፈረሰኞቹ ደግሞ ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። ደረቱ የጠበበው ቀበሮ የገባበት ቀዳዳ እንዲገባ ነው። ነጭ የሆነው ከጉድጓድ ሲወጣ አዳኝ ውሾቹ ቀበሮ መስሏቸው እንዳይበሉት ነው። ጩኸቱ የማያቋርጠው መሬት ውስጥ የት እንዳለ ከላይ ያለው ሰው እንዲያውቅ ነው።

ጠባዩም ከዚያው ይመጣል። ጉድጓድ ውስጥ ጌታ የለም፤ «ተው» የሚል የለም፣ «ያዝ» የሚልም የለም። ውሻው ብቻውን ነው የሚወስነው። ስለዚህ ጃክ ረሰል ትእዛዝ ያልሰማችሁ ሲመስላችሁ ሰምቷችኋል፣ የራሱን ሐሳብ አስበልጦ ነው እንጂ።

የኔዋ ሚጥሚጣ ትባላለች። ገና አራት ወር ሳይሞላት አንድ ቅዳሜ ግቢው ጭር አለ። ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ስፈልጋት ከቆርቆሮው አጥር ሥር የሚታየው ቂጧና ጅራቷ ብቻ ነው፤ ጅራቷ እንደ ችንካር ቀጥ ብሏል፣ አፈሩ በኋላ እግሮቿ መሃል ወደኔ ይረጫል። አፍንጫዋ ጭቃ ሆኖ ወደ ኋላ ወጣች፣ ሁለቴ አነጠሰች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። ጅራቷን ለመያዝ ስጎነበስ ማዶ ነበረች። ወዲያው የጎረቤታችን የእማማ ድምፅ መጣ፦

«አንተዬ! ይች ነገር ድመት ናት ውሻ?»

በበሩ ዞሬ ስደርስ እማማ የዶሮ ቤቱን በር በጀርባቸው ደግፈው ዱላ ይዘዋል። ይቅርታ እየጠየቅኩ ሳለሁ ሚጥሚጣ ዶሮዎቹን ዞር ብላም ሳታይ ከዶሮ ቤቱ ወለል ሥር ገባች፤ ትንሽ ግርግር ተሰማ፣ ከዚያ ክንድ የሚያክል አይጥ አንገቱን ይዛ ወጣች። እማማ ዱላውን አወረዱ። «በል ነገም አምጣት» አሉኝ።

በዶሮዎቹ ዕድል አትመኩ ታዲያ። ያን ቀን አይጥ ስለነበረ ነው። የሚሮጥ ትንሽ ነገር ሁሉ ለዚህ ውሻ አደን ነው፦ ጫጩት፣ የሰው ድመት፣ ጥንቸል፣ አንዳንዴም ባጃጅ። ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ከሆነ በሽቦ ለይታችሁ አጥሩ፣ ወይም ሌላ ውሻ ምረጡ።

የአጥር ነገር እንዲህ ነው። ቆርቆሮና ቀርከሃ አጥር ለእሱ መጋረጃ ነው። እኔ በአጥሩ ሥር ዙሪያውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆፍሬ ጥቁር ድንጋይ ጠቅጥቄበታለሁ። መቆፈሩን ግን አልከለከልኳትም፣ አይቻልምም። ቤት ሲሠራ የተረፈ አሸዋ ማንጎው ሥር ከምሬ ጠዋት ጠዋት ውስጡ ቁራጭ ጉበት እቀብራለሁ። ቁፋሮዋ አሁን እዚያ ነው፤ የእናቴ ጌሾም ተረፈ።

ብዙዎቻችን ውሻ ቀን አስረን ማታ መፍታት ነው የለመድነው። ይሄን ውሻ እንደዚያ ካደረጋችሁት በአንድ ወር ውስጥ ወይ እሱ ያብዳል ወይ ጎረቤት ይከሳችኋል። በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት፣ ለሁለት ብትከፍሉት ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የጣና ሐይቅ ዳር መንገድ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውም አይበዛም። ማታ ማታ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወስደውን አቀበት ሞክሩት፤ እናንተ ታለከልካላችሁ፣ እሱ ገና መጀመሩ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ አታውጡት፣ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል። ገመድ ሁልጊዜ! «ነይ» ስላት የምትመጣ ውሻ አለችኝ ብዬ ሚጥሚጣን የፈታኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ከሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ አርጃኖ ወጣ። አርጃኖ ይነክሳል፣ ጅራቱ አለንጋ ነው። ውሻዋ ግን አርጃኖው ከእሷ እንደሚረዝም ማን ይንገራት? መጠኑን የማያውቅ ውሻ ነው። ትልቅ ውሻ ላይ ይጮኻል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ቢያይም መጮኹ አይቀርም። እዚያ አካባቢ ገመዱን አሳጥሩ። ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ይደር፤ ዳር ዳር ሰፈሮች ጅብ ይመጣል፣ እሱም አይሸሽም።

ለጥበቃ ነው የምፈልገው ካላችሁ፣ ደወል ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። በር ላይ ኮሽ ሲል ቤቱን ያነቃል። ሌባውን ማስቆም የናንተ ሥራ ነው።

ልጅ ያለበት ቤት ይስማማዋል፣ ልጁ ጅራት መጎተት ያቆመ ከሆነ። ሲቆነጥጡት የሚታገስ ውሻ አይደለም። ስታስተምሩት አትምቱት፤ ዱላ እልኸኛ ያደርገዋል። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በትንንሽ ጉበት። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለቸዋል፣ እኔም ይሰለቸኛል። የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮኽ ቤት አስገቡት፣ ሬዲዮ ክፈቱለት። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የግቢያችሁን በር ለደቂቃ ክፍት አትተዉ፤ ውሻችሁ ቅጽር ገባ ከተባለ የሚመጣባችሁን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ምግብ ላይ ትልቁ ስህተት የወጥ ትራፊ ነው። በርበሬው ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፣ 5 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ትንሹም ብዙ ነው። ሩዝ በተቀቀለ ሥጋ ወይም በዓሣ ይሆናል፣ ግን የቆሮሶ እሾህ አንድ በአንድ ይለቀም። ዓሣ ቤት ስትቀመጡ ከጠረጴዛ ሥር የወደቀውን እሾህ ከእናንተ ቀድሞ ነው የሚያገኘው። ከዚህ የባሰው የአይጥ መርዝ ነው። አይጥ የሚይዝ ውሻ እያላችሁ ቤት ውስጥ መርዝ አታድርጉ፣ ጎረቤቶቻችሁም የሚያደርጉ ከሆነ ንገሩን በሉ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላ ውሻም ሊሞት ይችላል።

ክትባቱ ላይ ቀልድ የለም። በሁለት ወሩ ገደማ የመጀመሪያውን ይከተባል፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አራት ወሩ ይሄዳል። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ዓይኑ ድንገት ከቀላ ወይም ከደፈረሰ «ነገ እናየዋለን» አትበሉ። በዚህ ዘር የዓይን ሌንስ ከቦታው የሚለቅበት በሽታ አለ፣ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ሊያሳውር ይችላል።

ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 12ኛ ሲጨርስም ውሻው ገና ይቆፍራል።

ገላውን ቶሎ ቶሎ አትጠቡት፣ በሳምንት አንዴ በብሩሽ ማበጠር ይበቃዋል፤ ጥቁር ሱሪ ካላችሁ ግን ነጩን ፀጉር ልመዱት። ከሣር ስትመለሱ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መሃል መዥገር ፈልጉ። ሐይቁ ዳር የሞተ ዓሣ ካገኘ በጀርባው ይንከባለልበታል፣ ማስቆም አይቻልም። ያን ቀን የሚጭናችሁ ባጃጅ አታገኙም፣ ቤታችሁ ድረስ በእግራችሁ ነው።