ግጥምጥሞሽን እንደ ትእዛዝ ማንበብ፦ በጭንቅ ጊዜ ምልክት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

አባቴ በጠና የታመመበት ሌሊት ታኅሣሥ 19 ነበር፤ የገብርኤል ዕለት። ሐኪሙ ደም ያስፈልገዋል አለን። የአባቴ ደም ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም። የእኔ አይሆንም፣ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስልክ የደወልንላቸው ዘመዶች ገሚሱ አያነሱም፣ ገሚሱ ክፍለ ሀገር ናቸው። በዚህ መሀል ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንድ የማናውቀው ሰው ብድግ አለና «እኔ ኦ ኔጋቲቭ ነኝ» አለን። አባቴ ተረፈ። ታሪኩን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ግጥምጥሞሽ የሚለው ቃላችን ራሱ ደስ ይለኛል። ክዳኑ ድስቱ ላይ ልክክ ሲል «ገጠመ» እንላለን። ግጥምም፣ ገጠመኝም፣ አጋጣሚም የተገኙት ከዚያው ነው። ነገር ሁሉ በተበታተነበት ሰዓት አንድ የገጠመ ነገር ማየት ልብን ያሳርፋል፤ ስለዚህ ምልክት የሚፈልገውን ሰው ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ እኔም ራሴ እፈልጋለሁ። እስካሁን ያየሁት ግን ግጥምጥሞሽ ማጽናናት ሲችል ትእዛዝ መስጠት እንደማይችል ነው። ስህተቶቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ሁለቱን ከማምታታት ነው።

የገጠመውን ብቻ መቁጠር

ቀኑን ልብ በሉ። አባቴ የታመመው በ19 ባይሆን ኖሮስ? በ12 ቢሆን ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ነው። ከወሩ 30 ቀናት መታሰቢያ የሌለው አንድም የለም። እኛ አገር ክፉም ደጉም በቅዱስ ቀን ላይ ይውላል፤ ሌላ የሚውልበት ቀን የለውማ!

የሒሳብ ሰዎች የሚያነሡት አንድ ምሳሌ አለ። ጽዋ ማኅበር ላይ 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ሲሰሙት አይታመንም። ነገር ግን 23 ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ 253 ጥንድ ይወጣቸዋል፤ የሚገጥመው ከዚያ ሁሉ አንዱ ነው። (ውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችን ጋር ይህን ሙከራ አታድርጉ። የልደት ቀናቸው ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ተብለው የተመዘገቡት ብዙ ናቸው።) 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ ዓድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አያችሁ፣ አሁን እኔም ሳላስበው አንድ ሠራሁ። ብዙ ቁጥር ካለበት ቦታ አንዱ ከአንዱ መግጠሙ አይቀርም።

ይህ እምነትን አይነካም። የዓድዋ አርበኞች ታቦቱን ይዘው ዘመቱ፣ ጊዮርጊስን ለመኑት፣ ድሉንም የእሱ ነው አሉ። ቀኑ የእሱ ስለሆነ ግን ጠመንጃውን ሰፈር ጥሎ የሄደ አልነበረም።

ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ መስፋት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ቀለበት ሆና ታየች። ጊዜው የኮሮና ነው፤ ሰው ሞትን እያሰበ ይውል ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር «ያኔ ተነግሮን ነበር» ያሉ ሰዎችን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው ቀለበት ግን በዚያው ቀን በኦማንም፣ በሕንድም፣ በቻይናም ታይቷል። ቀኑና ሰዓቱ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ያደረ ነው።

ነገሩ ለእኛ ብቻ የተለየ አይደለም። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዉም ፀሐይ ለነቢዩ ልጅ አዘነች አለ። ለአንድ ሐዘንተኛ አባት ከዚህ የሚበልጥ ክብር ከየት ይመጣል? እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ሰዉንም ወደ ጸሎት መሩት። ልጁን የቀበረ ሰው፣ ሕዝቡ በእጁ ያስጨበጠውን ተአምር መልሶ ሲያስቀምጥ ማየት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ምልክቱን ውሳኔ አስወሳኝ ማድረግ

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወደ ቤሩት ልሂድ ወይስ ልቅር ስትል ከረመች። አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ላይ ቤሩት ሲባል ሰማች፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ቤሩት ያወራሉ፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት ቡና ላይ የአንዷ እህት ከቤሩት ደወለች። ሦስቴ! ለደላላው ነገረችው። እሱም «እግዜር በሩን ሲከፍትልሽ አንቺ ልትዘጊው ነው?» አላት። ከየቤቱ ልጅ በሚሄድበት ሰፈር ቤሩት ሳይነሣ የሚመሽ ቀን እንደሌለ የነገራት አልነበረም። ልቧ እዚያ ስለነበረ ጆሮዋም እዚያው ሆነ። ፓስፖርቷን ማን ይይዛል፣ ውሉ ስንት ዓመት ነው፣ ብትታመም ማን ያሳክማታል፣ የመመለሻ ቲኬቷን ማን ይከፍላል፦ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም ይህን አልመለሰላትም።

ምልክትን የሚያነብልን ሌላ ሰው ሲሆን አደጋው እጥፍ ነው። ደላላ፣ ጠንቋይ፣ ገንዘብ ላኩልኝ የሚል የቲክቶክ ነቢይ፣ ሁሉም የሚይዙን በጭንቀታችን በኩል ነው። እኔ የምመክረው ቀላል መለኪያ፣ ምልክቱን የሚተረጉምልህ ሰው ከውሳኔህ የሚያገኘው ነገር ካለ ትርጓሜውን አትቀበል የሚል ነው።

ጌዴዎንን የሚጠቅስ አይጠፋም። ባዘቶው ላይ ጠል እንዲወርድ ጠይቆ የለም ወይ? ጠይቋል። ግን መጽሐፈ መሳፍንትን ከመጀመሪያው አንብቡት፤ ምን እንዲያደርግ ቀድሞ ተነግሮታል። ባዘቶው ፍርሃቱን ነው ያሳረፈለት፣ መንገዱን አይደለም የመረጠለት። ሙስሊም ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ያጫውቱኛል። ኢስቲኻራ (ከውሳኔ በፊት አላህ የሚበጀውን እንዲመርጥ የሚለመንበት ሶላት) ሰግዶ ሕልም ካላየሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዑለማዎቹ ግን ሕልም ግዴታ አይደለም፣ አማክር፣ ከዚያ ጀምር ነው የሚሉት።

መጽሐፍ ቅዱስን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ የወጣውን ጥቅስ መልስ ማድረግም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ዳዊት በዘፈቀደ ቢገለጥም ልብ ይነካል፤ ብዙው መዝሙር የተጨነቀ ሰው ጩኸት ነውና ለተጨነቀ ሰው መግጠሙ አያስገርምም። አንብቡት፣ አልቅሱበት። ቤቱን ልሽጥ ወይስ አልሽጥ የሚለውን ግን ሌላ ቦታ ጠይቁ።

«ዓይኔ ተርገበገበ፣ መዳፌን በላኝ፣ የሷ እግር ገደ ቢስ ነው» የሚለውን ምልኪ ሁሉ አልዘረዝረውም። በሰው እግር ማሳበብ ግን ትዳር እስከ ማፍረስ መድረሱን ሳልናገር አላልፍም።

በሌላው መከራ ላይ መፍረድ

በእኛ ላይ የደረሰ ደግ ነገር ምልክት ከሆነ፣ በጎረቤት ላይ የደረሰው ክፉ ነገርስ? ሐሳቡ ሳናውቀው ወደዚያ ይንሸራተታል። በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የከፉ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ኢየሱስ በግልጽ ተናግሯል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መቀመጣቸው መልካም ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ሐዘንተኛን በሒሳብ ማረም

ወዲያኛውም ጽንፍ ስህተት ነው። ልጇ በሞተ በ40 ቀኑ መስኮቷ ላይ ርግብ ያረፈችላት እናት ስትነግርህ «ርግብማ የትም ታርፋለች» አትበላት። ውሳኔ ልትወስንበት ወይም በማንም ልትፈርድበት አልመጣችም፤ አንድ ቀን ቀለል ብሏታል፣ በቃ። ከላይ የጻፍኩት የ23 ሰዎች ስሌት ለለቅሶ ቤት አይሆንም። በአስቴር መጽሐፍ ንጉሡ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣ፣ የታሪክ መዝገብ አስነበበ፣ የመርዶክዮስ ውለታ ተገኘ፣ የሕዝቡ ዕጣ መዞር ጀመረ። በዕብራይስጡ ቅጂ የእግዚአብሔር ስም ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። አንባቢ ግን ዝም ብሎ የእግዚአብሔርን እጅ ያያል። የማየት መብት ለዚያች እናትም አላት።

ምልክቱ አላቆም ሲል ዝም ማለት

የታርጋ ቁጥሩ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ፣ የመንገደኛው ሳል ሁሉ ለእኔ የተላከ መልእክት ነው የሚል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ይህ የመንፈሳዊነት ብርታት ላይሆን ይችላል። የአእምሮ ሕመም አንዳንዴ እንዲህ ይጀምራል። ክላውስ ኮንራድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ሁኔታ ስም አውጥቶለታል። ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸበሉን ተዉ የሚል የለም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው ወገኖች ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር፤ እዚህም ያው ነው።

የታሪኩን ሌላ ወገን አለመጠየቅ

ያንን ሰውዬ ስሙን ሳልጠይቀው ነበር ወደ አባቴ ክፍል የሮጥኩት። ጠዋት ላመሰግነው ስፈልገው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። «እንዴት ነው በዚያ ሰዓት ከዚያ የተገኘኸው?» አልኩት። ገብርኤል ነው የላከህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለወንድሜ ልሰጥ ነበር የመጣሁት» አለኝ። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አረፈ።»

ክንዱ ላይ ጥጡ በፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ሬሳውን የሚያጓጉዝ መኪና እየጠበቀ ነበር።