ፋብሪካ ወንዛችሁን ሲበክል አቤቱታው እንዴት ይቀርባል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሬቴ ነው፣ ከብቴ ሞተብኝ ማለት አያስፈልግም። መብቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ብዙ አቤቱታ በማስረጃና በቀን ጉድለት መክኖ ይቀራል።

ፍሳሹ የተለቀቀበትን ቀንና ሰዓት፣ ቱቦው ወንዙን የሚያገኝበትን ቦታ፣ ቀለሙንና ሽታውን እየመዘገባችሁ ያዙ። ሌሊትና ዝናብ የሚጥልበትን ሰዓት አትዝለሉ። ቆዳ ፋብሪካ ከሆነ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፀጉር ከሚረግፍበት ክፍል የሚወጣ ሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል መኖሩን ያመለክታል፤ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ ፍሳሽ ደግሞ ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም የተባለ ኬሚካል ያስጠረጥራል። ፎቶው ቱቦውንና የፋብሪካውን አጥር አንድ ላይ ያሳይ።

ናሙና ከቱቦው በላይም በታችም መወሰድ አለበት። የታችኛው ብቻ ከሆነ «ቆሻሻው ከላይ የመጣ ነው» ይባላል፣ መልስም ታጣላችሁ። በሃይላንድ ቀድታችሁ ቤት ያሳደራችሁት ውሃ ግን ብዙ አይረዳም፤ የኦክስጅን ፍጆታው (ቆሻሻው ሲበሰብስ ከውሃው የሚወስደው ኦክስጅን) የሚለካ ናሙና በ4 ዲግሪ ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ ነው የሚታመነው። ስለዚህ ናሙናውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ እንዲወስድ በአቤቱታው ጠይቁ። አዋጁ ተቆጣጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲገባ ስለሚፈቅድለት «ድንገተኛ ፍተሻ» ብላችሁ ጻፉ። ቀድሞ የተነገረው ፋብሪካ ማጣሪያውን ለዚያች ቀን ብቻ ሊያስነሳ ይችላል።

ደብዳቤው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይግባ። ለቀበሌ በቃል መናገር ከታች የተጠቀሰውን የውሳኔና የክስ ቀን አያስቆጥርም። «ይዘጋልን» ብቻ ከማለት ፍሳሹ ሳይጣራ እንዳይለቀቅና የበከለው በአንቀጽ 3 መሠረት እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል መጠየቅ ይሻላል፤ የሠራተኛው እንጀራ ከተነካ ጉዳዩ ይጓተታል።

ከመዝገብ ቤት ሳትወጡ ቅጂው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስ 60 ቀን አላችሁ። መስከረም 5 የገባ አቤቱታ እስከ ጥቅምት 5 ዝም ከተባለ፣ ክሱ እስከ ታኅሣሥ 5 መከፈት አለበት። «ነገ ተመለሱ» እየተባላችሁ ይህ ቀን እንዳያልፍባችሁ።

ለሞተ ከብት ወይም ለጠፋ ሰብል ካሣ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ በይርጋ ይታገዳል።