ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ዛንዚባር ወበቅ፦ የሻንጣ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው የባሕር ዳርቻ ሙቀትን ሲያስብ በአእምሮው የሚመጣው ሸዋ ሮቢት ነው። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ በቃ። ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ወደ ዛንዚባር ለሚያደርገው ጉዞም ሻንጣውን በዚሁ ልክ ያዘጋጃል። ከዘመዶቼና ከጎረቤቶቼ ሻንጣ ያየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ግምት ነው።

ልብሱ አልደርቅ አለ፤ ሻንጣው ሻገተ

ማታ የታጠበ ሸሚዝ ጠዋትም እርጥብ ነው። ብብትና ጭን ይላጣል፣ ጂንስ ሱሪ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ምክንያቱ ወበቁ ነው። በደረቅ ቆላ ላብ ቶሎ ይተናል፤ በደሴቱ ግን አየሩ ራሱ እርጥበት ስለጠገበ ላብም ልብስም በቀላሉ አይደርቅም። ስለዚህ ጂንሱን ቤት ይተዉት። ለአምስት ቀን ሁለት ሰፋ ያሉ ስስ ሱሪዎች ወይም ቀሚሶች፣ አራት ስስ ሸሚዞችና ከተለመደው በላይ የውስጥ ልብስ ይበቃል። የረጠበውን የሚለዩበት የጨርቅ ከረጢትም ይጨምሩ።

ነጠላን ግን አይርሱ። ከእኛ ልብስ ለደሴት የሚስማማ እንደ እሱ አላየሁም። ቶሎ ይደርቃል፣ ከፀሐይ ይከልላል። የዛንዚባር ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማዋ አሮጌ ሰፈር ሲዘዋወሩ ትከሻን ለመሸፈንም ይረዳል።

በርኖሱስ? በጥር ማለዳ ከደብረ ብርሃን ሲነሱ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ያለ ወፍራም ልብስ መጓዝ አይቻልም። ሰውነት ላይ ይልበሱት፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለ ለመልስ እዚያው ያስቀምጡት። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ባሕር የሚሻገርበት ምክንያት የለም።

ለፋሲካ ሄደን ዝናብ አገኘን

የእኛ ክረምት የእነሱ ክረምት አይደለም። በዛንዚባር ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ አነስተኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ይመጣል። እኛ ጃንጥላ የምንይዝበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅና ለስለስ ያለ ጊዜ ነው። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው ስስ የዝናብ ልብስ ይያዝ።

የቅባቱ ጠርሙስ ተጨፈለቀ፤ በመልስ ደግሞ ፈሰሰ

ጠርሙሱ ጥፋት የለበትም። የደብረ ብርሃን የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ባሕር ዳር ሲደርስ የውጭው አየር ይጨመድደዋል። እዚያ የተገዛ የኮኮናት ዘይት ደግሞ ገና በአውሮፕላን ውስጥ ያብጣል፣ በክዳኑም ያፈሳል። ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ከመክደንዎ በፊት ጨመቅ አድርገው አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስገቡት። ስንቅ ካስፈለገ ቆሎና በሶ ይያዙ፤ ቅቤ በዚያ ሙቀት ቀልጦ ሻንጣ ያበላሻል።

ፌስታልም አይያዙ። ታንዛኒያ የፕላስቲክ መገበያያ ከረጢትን ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከልክላለች።

ስልክ ቻርጅ ማድረግ አልተቻለም

የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ አለው፤ የዛንዚባሩ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ስለሚቀራረብ አንድ አስማሚ ይበቃል።

እግር ተወጋ

ባሕሩ ሲሸሽ ረጅም ርቀት ጥልቀት የሌለው ውኃ ይቀራል፤ ሰውም በባዶ እግሩ ይገባበታል። ውስጡ ስለታም የኮራል ድንጋይና እንደ ጃርት እሾሁን ያቆመ ትንሽ የባሕር እንስሳ አለ። ወፍራም ሶል ያለው፣ ከእግር የማይወልቅ የላስቲክ ጫማ ይያዙ።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት መጣ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ደጋ የኖረ ሰው ለወባ የተለማመደ ሰውነት የለውም። በዛንዚባር ወባ ብዙ ቢቀንስም አልጠፋም። ምልክቱ ከተነከሱ ከሰባት ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስለሚታይ ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ቤተሰቡ «የደብረ ብርሃን ብርድ መታው» ብሎ ጋቢ ይደርብለታል። በዚያ መካከል የሚባክነው ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ። የታዘዘው መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል፤ የሚመለሱበትን ቀን ቆጥረው ሙሉውን ይያዙ። መድኃኒቱ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይጨምሩ። ክሬሙ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በኋላ ይደገማል፤ ትንኝ የሚያባርረው ቅባት ከክሬሙ በኋላ ይቀባል። ማረፊያው አጎበር እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ።

በዚያው ቀጠሮ የቢጫ ወባ ክትባትዎን ይጨርሱ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ ካርዱ ይጠየቃል፤ የሚጸናውም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ይህ ክትባት ግን ሌላ በሽታ ስለሚከላከል ከወባ አያድንም። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ያድርጉት። ከተመለሱ በኋላ ካተኮሰዎት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው ከየት እንደመጡ ይናገሩ፣ የደም ምርመራም ይጠይቁ።