ሸክላ ስናጫውት ፍጥነት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ከአባቱ የወረሰውን ሸክላ በፌስታል ይዞ የሚመጣው ሁሉ ታዲያ የሚሳሳተው በተመሳሳይ ነገር ነው።

ፍጥነቱን በሸክላው ስፋት መገመት። ትንሹ በደቂቃ 45፣ ትልቁ 33 (በትክክል 33⅓) ጊዜ ይዞራል ይባላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ነገር ግን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላም አለ። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ይበቃል።

«በድምፅ ጥራት 45 ሁልጊዜ ይበልጣል» ማለት። እዚህ ላይ ጎረቤቶቼን አላስቀይም ብዬ ዝም አልልም። እርግጥ 45 በ33⅓ ላይ 35 በመቶ ያህል የፍጥነት ብልጫ አለው፤ በአንድ ሰከንድ ከመርፌው ስር የሚያልፈው ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር) በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ቀጫጭን ድምፆችም ጠርተው ይወጣሉ። በባለ 12 ኢንቹ 33 ላይ ጠርዙ ጋ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ መሃሉ አጠገብ ግን 21 ገደማ ብቻ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ «ሰ» እና «ሸ» የሚሻክሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የ45 ዋጋው ደግሞ ሸክላውን ለመቀየር ቶሎ ቶሎ መነሣት ነው። ትልቁ 33 በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ያጫውታል፤ ትንሹ 45 ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ ይጠራችኋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው የሙዚቃ አሳታሚ፣ በአምሃ ሪከርድስ፣ የታተሙት አብዛኞቹ ትንንሽ 45 ናቸውና ያንን ዘመን የሚወድ ሰው ምርጫ የለውም፣ ይነሣል። ደግሞም በየቡና ቤቱ ሲፋቅ የኖረ 45 በንጹሕ 33 ይበለጣል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ 33 እሰማለሁ፤ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ስል 45 አወጣለሁ።

ከአሜሪካ የተላከውን ማጫወቻ በትራንስፎርመር ብቻ ማስነሣት። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል፤ የእኛን 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) ግን ወደ አሜሪካው 60 አይለውጥም። የድሮ ማጫወቻ ሞተር ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው፤ ስለዚህ 33⅓ የነበረው 28 ገደማ ይሆናል። እኔ አንድ ወር ሙሉ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት የተቀረጸ መስሎኝ ነበር! መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ለ50 ኸርዝ የተሠራ መዘውር (ፑሊ) ማስገባት ነው። በቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ሞተር የሚሠሩት አዳዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን የድሮ ሸክላ በተለመደው መርፌ መሞከር። ቦዩ ሰፊ ነው፤ የራሱን መርፌ ይፈልጋል።

ፍጥነቱን ሳያረጋግጡ ወደ ስልክ መገልበጥ። መገልበጡን አልቃወምም፤ ታክሲ ውስጥ ሸክላ አይዞርም። ነገር ግን የፍጥነት ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። አንድ ጎረቤቴ በዚያ ጉንፋናም ዘመን ከእኔ ማጫወቻ ሃያ ዘፈን ቀድቶ ነበር። ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ መጥቶ ሲሰማ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለው?» አለኝ።