ምልክት የሌለውን አረብኛ እንዴት ማንበብ ቻልኩ?

ካይሮ ስመጣ 28ቱን የአረብኛ ፊደላት ለይቼ አውቅ ነበር። ጋዜጣ ስገልጥ ግን አንድ መስመር እንኳ ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ይመጣል። አረብኛ ግን ሦስቱን አጫጭር አናባቢዎች የሚያሳየው በትንንሽ ምልክቶች ነው። ምልክቶቹ በቁርአንና በልጆች መጻሕፍት ላይ አሉ፤ ጋዜጣ ላይ ግን እምብዛም አይጻፉም።

የረዳኝ ቃላትን አንድ በአንድ መሸምደድ ትቼ ቅርፃቸውን መከተሌ ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ በጣም ይቀናዋል። እኛ ከ«ሰበረ» ሰባሪና ስብራት እንደምናወጣው አረብኛም እንዲሁ ያደርጋል። ካቲብ ጸሐፊ ነው፣ መክቱብ የተጻፈ። ይህን ያወቀ ሰው ካሲር ሰባሪ፣ መክሱር የተሰበረ መሆኑን ሲሰማ አይደናገርም። ምልክት ባይኖርም ቅርፁ ራሱ አናባቢውን ይነግረዋል። ደስ የሚል ነገር ነው!

ለልምምድ የልጆች መጽሐፍ ያዝኩ። አንድ ገጽ ከነምልክቱ አነባለሁ፣ ያለምልክት በእጄ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ከግልባጩ ደግሜ አነባለሁ። መዝገበ ቃላቴም በሥር፣ ማለትም በቃሉ መሠረታዊ ተነባቢዎች፣ የተደረደረ ነው፤ የመክቱብ ሥር ክ-ት-ብ ስለሆነ የምፈልገው በ«ክ» ነው።

የመንገዱ ንግግር ሌላ ጉዳይ ነው። ካይሮ ውስጥ ቃፍ የሚባለው ፊደል («ቅ») ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ ጂም («ጅ») ደግሞ «ግ» ይሆናል። እሱን ለብቻው እየተማርኩ ነው።

አሁን የሚያስቸግሩኝ የውጭ ሰዎች ስሞች ናቸው። የአረብኛ ሥር ስለሌላቸው ቅርፁ አይረዳም። ስለዚህ ዜናውን አስቀድሜ በሬዲዮ እሰማና ጋዜጣውን ከዚያ እገልጣለሁ።