በዊኪፔዲያ ላይ ሲጽፉ እርዳታ የት እና እንዴት ይጠየቃል?

ዊኪፔዲያ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል የለውም። ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ያለ፣ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ ግዙፍ መዝገበ ዕውቀት ቢሆንም፣ ጽሑፍዎ ለምን እንደተሰረዘ ወይም ሰንጠረዡ ለምን እንደተበላሸ ለመጠየቅ የሚደወልበት ስልክም ሆነ ወረፋ የሚያዝበት ቢሮ አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት፣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ሰርቨሮቹንና ሶፍትዌሩን ይንከባከባል፣ መዋጮም ያሰባስባል እንጂ በተለመደው አሠራር በመጣጥፎቹ ይዘት ውስጥ እጁን አያስገባም። መልስ የሚሰጡዎት እንደ እርስዎ ሁሉ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ እርዳታ ማግኘትዎ የሚወሰነው ጥያቄውን ባቀረቡበት ቦታና መላሹ ብዙ ሳይደክም ችግሩን በዓይኑ እንዲያየው አድርገው በመጻፍዎ ነው። ከሁለቱ አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት ሁለተኛው ነው።

ከመጠየቅ በፊት፦ የገጹ ታሪክ

እያንዳንዱ መጣጥፍ ከላይ በኩል «ታሪክ» የሚያሳይ ትር አለው። እዚያ ውስጥ ገጹ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ የተደረገው ለውጥ ሁሉ በየመስመሩ ተዘርዝሮ ይገኛል፦ ቀኑና ሰዓቱ፣ የለወጠው ሰው ስም፣ ገጹ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር፣ በመጨረሻም ለውጡን ያደረገው ሰው የጻፈው አጭር ማጠቃለያ። (ቁጥሩ የሚቆጠረው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በአማርኛ 100 ፊደል የጨመረ ሰው «+300» የሚል ያያል፤ ብዙ የጻፈ መስሎት እንዳይገረም።)

እኔ መጀመሪያ የጨመርኩት አንቀጽ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ ሳገኘው በንዴት ወደ አጠቃላይ የእርዳታ ገጽ ሄጄ «ለምን ሰረዛችሁብኝ?» ብዬ ጽፌ ነበር። የመለሰልኝ ሰው ከታሪኩ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ገልብጦ ለጠፈልኝ፦ «ምንጭ አልተጠቀሰለትም፤ ምንጭ ካለ መመለስ ይቻላል»። መልሱ ጥያቄውን ከመጻፌ በፊት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከዚህም ሌላ የተነሣው ጽሑፍ አልጠፋም፤ የቀደመውን ቅጂ ከታሪኩ ከፍቼ፣ ምንጩን ጨምሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ጽሑፍዎ ከተነሣ መጀመሪያ ማጠቃለያውን ያንብቡ፤ ቀጥሎ የመጣጥፉን የውይይት ገጽና የራስዎን የአባል ውይይት ገጽ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ያነሣው ሰው ምክንያቱን ከሦስቱ በአንዱ ይተዋል። በማጠቃለያው ላይ የሚያገኟቸው አጫጭር ምሕጻረ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ሲጫኑ ወደ ደንቡ ገጽ የሚወስዱ ናቸው፤ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ማንበብ ባያስፈልግም የመጀመሪያዋን አንቀጽ ማየት ግን ተገቢ ነው።

ከቅርቡ ይጀምሩ

ጥያቄው የአንድ መጣጥፍ ይዘት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ዓመተ ምሕረት ትክክል መሆኑን፣ አንድ ክፍል መከፈሉ ይሻል እንደሆነ፣ ተገቢው ቦታ የዚያው መጣጥፍ የውይይት ገጽ ነው። ጥያቄው አንድ የተወሰነ ሰው ስላደረገው ለውጥ ከሆነ ደግሞ በሰውዬው የአባል ውይይት ገጽ ላይ በትሕትና መጻፍ ይቻላል። የመጀመሪያው ቦታ አንድ ጉድለት አለው፤ ብዙ የማይነበብ መጣጥፍ የውይይት ገጹን የሚያይለት ሰው ስለማይኖር ጥያቄው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው በታሪኩ ገጽ ላይ በቅርቡ የሠራበትን ሰው ፈልጎ ስሙን በሊንክ መልክ መጥቀስ ነው፤ ሲጠቀስ ማሳወቂያ ይደርሰዋል። ይሁን እንጂ ማሳወቂያው የሚሄደው ስሙን የጠቀሱበትን መልእክት በዚያው ጊዜ ከፈረሙበት ብቻ ነው። ፊርማውን ረስቶ ቆይቶ የጨመረ ሰው ማሳወቂያው የደረሰ እየመሰለው በከንቱ ይጠብቃል።

ፊርማ የሚባለው አራት ጊዜ የተደጋገመ የሞገድ ምልክት (~~~~) ነው፤ ገጹ ሲቀመጥ ወደ ስምዎና ወደ ሰዓቱ ይለወጣል። በውይይት ገጾች ላይ በሚገኘው «መልስ» በሚለው ቁልፍ የሚጽፉ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ራሱ ይፈርምልዎታል።

ጥያቄው ስለ አጻጻፍ ዘዴው ከሆነ፣ ማለትም ምንጭ እንዴት ይገባል፣ ስዕል እንዴት ይቀመጣል፣ መለጠፊያው (በብዙ ገጾች ላይ ስሙ ተጠርቶ የሚገባው ዝግጁ ቅጽ) ለምን አልሠራም የሚል ከሆነ፣ ለጀማሪዎች ወደተዘጋጁት ገጾች ይሂዱ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ «ቲሃውስ»፣ በእኛ አባባል «ሻይ ቤት»፣ የሚባል ገጽ አለ፤ መላሾቹ ለአዲስ ሰው ታጋሽ እንዲሆኑ ታስቦ የተቋቋመ ስለሆነ ጥያቄዬ ተራ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ከእርሱ ጎን «ሄልፕ ዴስክ» የሚባለው የእርዳታ ጠረጴዛ አለ። «ሪፈረንስ ዴስክ» የሚባለው ግን ስለ ዓለም ዕውቀት የሚጠየቅበት እንጂ ስለ አርትዖት የሚጠየቅበት አይደለም፤ ስሙ እያሳሳታቸው ወደዚያ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። በብዙ ቋንቋዎች እትም አዲስ አካውንት የከፈተ ሰው የራሱ የጀማሪዎች መነሻ ገጽ ይሰጠዋል፤ አማካሪ ተመድቦለት ከሆነም ስሙና የመጠየቂያው ቁልፍ እዚያ ይታያል። ለአማካሪው የሚጻፈው ጥያቄ በአማካሪው የውይይት ገጽ ላይ ስለሚወጣ የግል ደብዳቤ አለመሆኑን ያስታውሱ።

የትም ቢጠይቁ ኢሜይልዎንና ስልክ ቁጥርዎን አይጻፉ። መልሱ የሚመጣው እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ የጻፉት ነገር ደግሞ ቢያነሡት እንኳ በታሪኩ ገጽ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄው ምን ይመስላል?

«ምንጭ ሳስገባ ስሕተት ይላል፣ እባካችሁ እርዱኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መላሹ በየትኛው ገጽ፣ መቼ፣ ምን የሚል ስሕተት እንደሆነ ለማወቅ የጠያቂውን የለውጥ ዝርዝር ከፍቶ መፈለግ አለበት። ጊዜ ያለው ይፈልግ ይሆናል፤ አብዛኛው ግን አልፎት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል። ይኸው ጥያቄ እንዲህ ቢጻፍስ?

«‹ጨረቃ› በሚለው መጣጥፍ፣ ስለ ምሕዋሯ በሚናገረው ክፍል፣ ከምድር ያላት አማካይ ርቀት 384,400 ኪሎ ሜትር ነው ለሚለው ዐረፍተ ነገር ምንጭ ጨምሬ ነበር። ካስቀመጥኩት በኋላ ከገጹ ግርጌ የምንጩ መዝጊያ ምልክት ጎድሏል የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። መዝጊያውን ጨምሬ ሞከርኩ፤ ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ቀጥሎ የነበረው አንቀጽ ግን አብሮ ጠፋ። ሁለቱንም ለውጦች የሚያሳዩ ሊንኮች እነሆ። መዝጊያው የት መግባት ነበረበት?»

ይህን ያነበበ ልምድ ያለው ሰው ሊንኩን ከመክፈቱ በፊት ነገሩን ይጠረጥራል፤ መዝጊያው የገባው ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ፣ ከአንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አንቀጹ በሙሉ የምንጩ አካል ሆኖ ወደ ግርጌ ወርዷል። መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል።

የለውጡ ሊንክ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ በታሪኩ ገጽ ላይ ከለውጡ በፊት ያለውንና ከለውጡ በኋላ ያለውን መስመር መርጠው የማወዳደሪያውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሆነው የተለወጠው ቃል በቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ከዚያ በአሳሹ አናት ላይ ያለውን አድራሻ ገልብጠው በጥያቄዎ ውስጥ ይለጥፉ። የስክሪን ፎቶ ይህን አይተካም፤ መላሹ ከገጹ ጀርባ ያለውን ኮድ ማየት አለበት። በስልክ ወይም በኮምፒውተር መሥራትዎን፣ በምስላዊው ማረሚያ ወይም በኮዱ መጻፍዎንም ይግለጹ፤ ሁለቱ ማረሚያዎች የሚያሳዩት ቁልፍ የተለያየ በመሆኑ ትክክለኛው መመሪያ ለተሳሳተው ማረሚያ ሊሰጥዎት ይችላል።

ልዩ መንገድ ያላቸው ጥያቄዎች

የተቆለፈ ገጽ ሲያጋጥምዎ የማረሚያው ቁልፍ በሌለበት ቦታ ኮዱን ብቻ የሚያሳይ ትር ይታያል። በእንግሊዝኛው እትም በቀላሉ ደረጃ የተቆለፈ ገጽ ለአርትዖት የሚከፈተው አካውንቱ 4 ቀን ሞልቶት 10 አርትዖት ላደረገ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ በውይይት ገጹ ላይ የለውጥ ጥያቄ ያቅርቡ፤ «ይህ መጣጥፍ ስሕተት አለበት» ሳይሆን «ይህ ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ ይህኛው ይተካ፤ ምንጩ ይኸው» በሚል መልክ ይጻፉት። ቃል በቃል ያልቀረበ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሳይፈጸም ይዘጋል።

መጣጥፉ ስለ ራስዎ፣ ስለ ዘመድዎ ወይም ስለ መሥሪያ ቤትዎ ከሆነም መንገዱ ይኸው ነው፤ በእጅዎ አይለውጡት፣ ግንኙነትዎን ገልጸው በውይይት ገጹ ይጠይቁ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ማን እንደከፈለው የመግለጽ ግዴታ በጣቢያው የአጠቃቀም ውል ላይ ተደንግጓል። በአደባባይ ሊገለጽ የማይችል ጉዳይ፣ ለምሳሌ የግል መረጃ መውጣት፣ ካለብዎት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የሚመልሱበት የኢሜይል አድራሻ በጣቢያው የመገናኛ ገጽ ላይ ይገኛል።

ለግምገማ ያቀረቡት የአዲስ መጣጥፍ ረቂቅ ተቀባይነት ካላገኘ ገምጋሚው በረቂቁ አናት ላይ የተወውን ምክንያት ያንብቡ። በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት ቋንቋ አይደለም፤ ከባለጉዳዩ ነጻ የሆኑ፣ የታመኑና ጉዳዩን በስፋት የሚያነሡ ምንጮች አለመኖራቸው ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል፦ አጻጻፉን የሚያስተካክልልዎት ሰው ይገኛል፤ የሌለ ምንጭ የሚፈጥርልዎት ግን የለም። በዚህ ደረጃ ላይ ኢሜይል ልኮ «እኔ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ክፈለኝና ረቂቅህን ላሳልፍልህ» የሚል ሰው ከመጣ አታላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እንዲህ ባለ የስውር ክፍያ ሥራ የተያዙ 381 አካውንቶችን አግዷል። እርዳታ ገንዘብ አይጠየቅበትም።

ከሌላ አርታኢ ጋር ካልተስማሙ አንድ ጊዜ ከተነሣብዎት በኋላ መልሰው መላልሰው አያስገቡ። በእንግሊዝኛው እትም በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ለውጥ የቀለበሰ ሰው፣ በይዘቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ሊታገድ ይችላል። በውይይት ገጹ ላይ ሁለታችሁ ብቻ ተከራክራችሁ ካልተግባባችሁ የሦስተኛ ሰው አስተያየት የሚጠየቅበት ገጽ አለ። አስተዳዳሪ መጥራት እዚህ ላይ አይረዳም፤ አስተዳዳሪዎች ገጽ የመቆለፍና ሰው የማገድ ሥልጣን እንጂ ከሁለት አስተያየቶች የትኛው ትክክል እንደሆነ የመፍረድ ሥልጣን የላቸውም።

ጥቂት አርታኢዎች ባሉበት እትም

ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ የሚጠራውን የአማርኛውን እትም ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች በየዕለቱ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፤ በእርዳታ ገጹ ላይ የቀረበው ጥያቄም ሳይታይ ሊሰነብት ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ የቅርብ ጊዜ ለውጦችን የሚዘረዝረውን ገጽ ከፍተው በዚህ ሳምንት ማን እንደጻፈ ያዩና በእርሱ የአባል ውይይት ገጽ ላይ ይጠይቁ። ሶፍትዌሩ በሁሉም ቋንቋ ሚዲያዊኪ የሚባለው ያው አንዱ ስለሆነ የቴክኒክ ጥያቄ በትልቁ እትም መጠየቅም ይቻላል። ደንብ ግን ከእትም እትም ይለያያል፤ በእንግሊዝኛው የተማሩትን ደንብ በሌላው ቋንቋ ላይ እንደ ሕግ አይጥቀሱ። መለጠፊያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በአንዱ እትም ያለው በሌላው ላይኖር ስለሚችል፣ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ መለጠፊያ በቀይ ሊንክ ከመጣ የጎደለው መለጠፊያው ራሱ እንጂ የእርስዎ አጻጻፍ አይደለም። አስተዳዳሪ በሌለበት ወይም በማይገኝበት እትም ላይ ገጾች እየተበላሹ ከሆነ «ሜታ ዊኪ» በሚባለው የጋራ ገጽ ላይ ሁሉንም እትሞች የሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ጥያቄ ይቀበላሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥያቄውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማቅረብ የሚቀናቸውም አሉ። ስለ ኮድ ጥሩ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለ ደንብና ስለ ምንጭ ሲጠየቅ ግን የሌለ ገጽና የሌለ መጽሐፍ በሙሉ ልብ ሊጠቅስ ስለሚችል፣ የሰጠዎትን እያንዳንዱን ምንጭ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ አታስገቡ።

ጥያቄዎን አንዴ ካቀረቡ በኋላ በሌሎች ሁለትና ሦስት ገጾች ላይ አይድገሙት፤ አንዱ የመለሰውን ሌላው ሳያውቅ እንደገና ይደክማል፣ ሲታወቅም ያስቀይማል። በውይይቱ ርዕስ አጠገብ ያለውን የመከታተያ ቁልፍ ቢጫኑ መልስ ሲመጣ ማሳወቂያ ይደርስዎታል። ብዙ ሰው በሚጠይቅባቸው ገጾች ላይ ጥቂት ቀን ያለፈው ውይይት በሮቦት ወደ መዝገብ ይዛወራል። ስለዚህ ጥያቄዎን ካጡት ተሰርዟል ብለው አይደምድሙ፤ በገጹ አናት ላይ ባለው የመዝገብ መፈለጊያ ስምዎን ጽፈው ያግኙት፤ መልስ ያልተሰጠበት ከሆነም በመዝገቡ ውስጥ አይጻፉበት፣ አዲስ ርዕስ ከፍተው ወደ አሮጌው የሚወስድ ሊንክ ያስቀምጡ።