ወርድ ላይ የአማርኛ አንቀጽ አልስተካከል ሲል

የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የዕድር ደብዳቤ፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ አማርኛ ስንጽፍ የሚገጥመን ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንቀጹ ቅንብር ነው። ፎንቱ በከንቱ ይታማል። ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ተጫኑ። ስፔሱ በነጥብ፣ ሺፍት ኢንተሩ በታጠፈ ቀስት ይታያል። ግማሹ ችግር እዚያው ይጋለጣል።

የፊደሎቹ አናት ተቆርጧል

«ላይን ስፔሲንግ» (የመስመር ርቀት) የሚለው «ኤግዛክትሊ» (ቁርጥ ያለ ቁመት) ላይ ሆኖ ቁጥሩ ለፊደሉ ጠቦታል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ፎርም ላይ አማርኛ ሲሞላ የተለመደ ነው። አናታቸው ላይ ሰረዝ ያላቸው እነ ሽ፣ ች እና ኝ ቀድመው ይጎዳሉ። «ሽማግሌ» «ስማግሌ» መስሎ ቁጭ ይላል።

ጽሑፉን መርጣችሁ የፓራግራፍን ሳጥን ክፈቱና «ሲንግል» ወይም «አት ሊስት» አድርጉት። ፎቶ አስገብታችሁ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ከታየም ጥፋተኛው ይኸው «ኤግዛክትሊ» ነው፤ ፎቶው ያለበትን አንቀጽ ብቻ «ሲንግል» አድርጉ።

አንዱ መስመር ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቀሉ ሁለት ፎንት ይሠራል፤ የሁለቱ ቁመት አይገጥምም። እዚህ ላይ «ኤግዛክትሊ» መድኃኒት ይሆናል፤ ቁጥሩን ግን አትሰስቱ። ለ12 ነጥብ ፊደል ከ18 ጀምሩና አናቱን እያያችሁ አስተካክሉ።

ቃላቱ ተራርቀዋል

«ጀስቲፋይ» (ግራና ቀኙን እኩል) ስታደርጉ «እንደሚያስፈልጋቸውም» ዓይነት ረጅም ቃል መስመሩ መጨረሻ ላይ አልገባ ሲል ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል። የቀሩት ሦስት አራት ቃላት ቦታውን ለመሙላት ይለጠጣሉ። በጠባብ ዓምድ ላይ ሲሆን በጣም ያስጠላል። እኔ በበኩሌ ወደ ግራ አሰልፌ እተወዋለሁ፤ «ጀስቲፋይ» ግዴታ ከሆነ ዓምዱን ማስፋት ወይም ፊደሉን ማሳነስ ነው።

የተለጠጠው አጭር መስመር ብቻ ከሆነ ግን መጨረሻውን እዩ። የታጠፈ ቀስት አለ አይደል? ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ይዞት ይመጣል። ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ፤ «ሞር» ውስጥ «ስፔሻል» የሚለውን ከፍታችሁ «ማንዋል ላይን ብሬክ» የሚለውን በ«ፓራግራፍ ማርክ» ተኩ።

አራት ነጥቡ ለብቻው መስመር ይጀምራል

ከፊቱ ስፔስ አለ ማለት ነው። በዚያው በመተኪያው ሳጥን ስፔስና «።» ያለበትን ሁሉ በ«።» ብቻ ተኩ፤ ሁለት ኮሎን ተደርድሮ የተሠራ ካለም እንዲሁ።

ርዕሱ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ዘሎ ግማሽ ገጽ ባዶ ቀረ

ምልክቶቹ እንደበሩ ከአንቀጹ በስተግራ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ፈልጉ። ካለች በፓራግራፍ ሳጥን «ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክስ» ውስጥ እንደ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» (ከሚቀጥለው አንቀጽ አትለየው)፣ «ኪፕ ላይንስ ቱጌዘር» ወይም «ፔጅ ብሬክ ቢፎር» ያለ ነገር ተመርጧል ማለት ነው። ከርዕሱ በታች ካሉት ተራ አንቀጾች ላይ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት»ን አንሱ። ርዕሱ ላይ ግን ተዉት፤ አለዚያ ገጹ ግርጌ ብቻውን ይቀራል።

ሁሉም ከተመሰቃቀለ አንቀጹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኪው ተጫኑ፤ በእጅ የተነካካው የአንቀጽ ቅንብር ይጠፋና ወደ ስታይሉ (ስም ወዳለው የተዘጋጀ ቅንብር) ይመለሳል። ከዚያ ስታይሉን «ሞዲፋይ» ብላችሁ አንዴ አስተካክሉ፤ በዚያ ስታይል የተጻፈው ሁሉ ይከተላል።